መስመሩን ያጠፍኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካለፈው የገና ጾም ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። አንድ ቤት አብሮኝ ለሚኖረው ባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላ ኃጢአት ሰምተው ለሌላው ኃጢአት ቀጡኝ። እሱን ስደርስበት አወራልዎታለሁ። እርስዎ ብቻ እስኪያልቅ ይስሙኝ። ሳቅ ከመጣብዎ ይሳቁ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ ስቀው ሲያበቁ ግን «ትንሽ ነገር ናት» ብለው አያቅልሉልኝ።

ስሜ ትርንጎ ነው፤ የላሊበላ ልጅ ነኝ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ወደ አገሬ ስመለስ ሥራ ያገኘሁት ጠላ ቤት ነው። ሰፈሩ ጉድ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ጠላ ልትጠምቅ መጣች ሲሉ እናቴ ትናደድ ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ጠላ ቤቱ የሴቶች ማኅበር ነው። ለገና በእግሩ ለሚመጣው ተሳላሚ፣ ለሠርጉ፣ ለክርስትናው ይጠምቃሉ። ሰብሳቢያቸው እትዬ የሺ ይባላሉ፤ ሲቆጡ የሚያስቁ፣ ሲያመሰግኑ የሚያስፈሩ ሴትዮ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ክንድ አላት፣ ትቆይ» አሉ። ዲግሪዬን የጠየቀኝ የለም።

ያን ጊዜ ማኅበሩ አዲስ ማጥለያ አግኝቶ ነበር። ድሮ ጉሹን፣ ያልተጠለለውን ጠላ፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ሁለት ሴት ግራና ቀኝ ይዘው እየጠመዘዙ ነበር የሚያጠልሉት። አዲሱ ክዳን ያለው የብረት በርሜል ነው፤ ውስጡ ጨርቅ ተወጥሯል። ጉሹን ይሞሉበታል፣ ክዳኑን ያጠብቁታል፣ ከዚያ በፓምፕ የሚገባ አየር ከላይ ይጫነዋል። ጥርት ያለው ጠላ፣ ሰው «ፊልተር» የሚለው፣ ከታች ወደ ባልዲ ይወርዳል፤ አተላው ጨርቁ ላይ ይቀራል። ይህን ማጥለያ እንዲፈትን አንድ ወጣት ተላከ። ካሳሁን ይባላል፣ የወገል ጤና ልጅ ነው፣ ሙያው የኔው ሙያ ነው። ረዥም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ የሩጫ ሰዓት ያንጠለጥላል። እትዬ የሺ ባዩት ቁጥር «ያ ቃጭል ያሠረው ሙክት መጣ» ይሉ ነበር።

ማወቅ የፈለግነው ቀላል ነገር ነው። ጠላው እየቆየ ለምን ይዘገያል? እስከ መቼስ ቢጠብቁት ያዋጣል? ጅማሮው ላይ ጠላው የሚያልፈው በጨርቁ ብቻ ስለሆነ ይሮጣል። አተላው ጨርቁ ላይ እየተጋገረ ሲወፍር ግን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጠላ በአተላውም ውስጥ መንገድ መፈለግ አለበትና ያዘግማል። የሚከለክሉት ሁለት ናቸው ማለት ነው፤ ጨርቁና አተላው። እኛ «ተቃውሞ» ብለን ነው የተማርነው። እትዬ የሺ ሲሰሙ ምን ያከብደዋል፣ እምቢታ በሉት አሉን፤ ከዚያ ወዲያ እምቢታ ሆኖ ቀረ። የጨርቁ እምቢታ ባለበት ይቆያል። የአተላው ከውፍረቱ ጋር ያድጋል።

ሁለቱን ለመለየት የወረደውን ጠላ በየጊዜው ይለካሉ፣ የፈጀውን ጊዜ ለጠላው መጠን ያካፍላሉ፣ ውጤቱን ወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጣሉ። ደህና ከተሠራ ነጥቦቹ ተሰልፈው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ። መስመሩ የሚነሳበት ከፍታ የጨርቁን እምቢታ ይነግርዎታል፣ የዳገቱ ልክ ደግሞ የአተላውን። ከዚያ ስንት ጨርቅ እንደሚያስፈልግ፣ መቼ ቆም ብሎ አተላውን መድፋት እንደሚሻል በስሌት ይወጣል። አንድ ግዴታ ብቻ አለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግፊቱ አይነካም። ከተነካ መስመሩ ውሸታም ነው።

ግፊቱን እንድትጠብቅ የተቀመጠችው ማን ነበረች? እኔ።

የገና ዋዜማ ነበር። ከተማው በተሳላሚ ሞልቷል። ከኮን፣ ከደላንታ፣ ከየት ከየቱ በእግሩ የመጣው ሰው ነጭ ለብሶ ሲያልፍ በመስኮቱ ይታየኛል፤ እልልታው ይሰማኛል። ጓደኞቼ የተሳላሚ እግር ሊያጥቡ ወጥተዋል። እኔም እግር ላጥብ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ሐቁን ልንገርዎ ካልኩ ግን፣ እናቴ ያሰፋችልኝን አዲስ ቀሚስ ለብሼ ልታይ ነው። ቀሚሱን ከሥራ ልብሴ ሥር ለብሼው ነበር የዋልኩት። ካሳሁን ከበርሜሉ ማዶ ባልዲው ላይ አጎንብሶ ሰዓቱንና ጠላውን ያያል። የግፊት መለኪያውና ግፊቱን የሚጨምረው መዘውር በእኔ በኩል ስለሆኑ አይታዩትም። ጠላው አዘገመ። ከዚያ ይብስ አዘገመ። ከመንገድ አንዷ ጓደኛዬ ስሜን ጠራችኝ።

መዘውሩን አዞርኩት።

ማንም አልገፋፋኝም። ሰይጣን ነው እንዳልል፣ ሰይጣን የግፊት መለኪያ ማንበብ ከየት ተማረ? እኔ ነኝ ያዞርኩት። ባላውቅ ኖሮ ምን ነበረበት! ግን አውቃለሁ። ግፊቱ ለምን መለወጥ እንደሌለበት ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ ያገኘሁ ሰው ነኝ። እያወቅኩ አዞርኩት።

ጠላው መጀመሪያ ቧ ብሎ ወረደ፤ በሆዴ እሰይ አልኩ። እሰይታዬ ግን አልከረመችም። የጠላ አተላ እንደ አሸዋ አይደለም፣ ለስላሳ ነው። ሲጫኑት ይጠቀጠቃል፣ ጠላው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል። ትንሽ ቆይቶ ጠላው ከበፊቱም ብሶበት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ደንግጬ መዘውሩን ወደ ቦታው መለስኩት፤ የተጠቀጠቀ አተላ ግን መዘውር ስለተመለሰ አይመለስም።

ካሳሁን ነጥቦቹን ሲያስቀምጥ መስመሩ እስከ መሐል ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደና ድንገት ሽቅብ ታጠፈ። ወረቀቱን አዞረው፣ ገለበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ግፊቱን ነክተሽዋል?»

«አልነካሁም» አልኩት።

እንዲህ ቀላል ነበር። አልነካሁም። አመነኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ቶሎ ያምናል? ፊቱ ሲበራ አየሁ። የላስታ ጠላ አተላ የራሱ ጠባይ አለው ማለት ነው አለ፤ ከተወሰነ ውፍረት ሲያልፍ ራሱን በራሱ ያሽጋል ማለት ነው፣ ይህን ማንም አላየውም አለ። እኔ ቀሚሴን እያስተካከልኩ ወጣሁ። ያን ቀን ምን ያህል እግር እንዳጠብኩ አይጠይቁኝ፤ ሁሉም ሰው ቀሚሴን እንዳየው ግን አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጥፋቴ የችኮላ ጥፋት ነበር። አላለቀም። ካሳሁን ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ከበዓሉ በኋላ ይደገም አለ። አሁን ምን ላድርግ? ግፊቱን በታማኝነት ብይዘው መስመሩ ቀጥ ይልና ውሸቴ ይወጣል። ስለዚህ፣ ይስሙኝ፣ በሁለተኛው ቀን ምንም ሳያስቸኩለኝ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ አሮጌ የሥራ ልብሴን ለብሼ፣ የመጀመሪያዋን ቦታ አስልቼ ጠብቄ መዘውሩን እንደገና አዞርኩት። መስመሩ በዚያው ቦታ ታጠፈ። ሁለቱ መስመሮች መንታ መሰሉ። ካሳሁን በደስታ ሴቶቹን ሁሉ ጠርቶ አሳያቸው። ያን ጊዜ ነው በሁሉም ፊት «ይህ የተገኘው በትርንጎ እጅ ነው፣ እጇ የረጋ ነው» ያለው። እልልታ ሆነ። እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ እንዴት ያለሁ ዓይን አውጣ ነኝ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ። አተላው ራሱን ከማሸጉ በፊት፣ ማጥለሉ ግማሽ ሲደርስ፣ ይቆማል፤ አተላው ይደፋል፤ ጨርቁ ወጥቶ ይታጠባል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ሴቶቹ «የካሳሁን እጥበት» አሉት። እጥበት ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ በፈረቃ የሚመጣ ቧንቧ ጋ ነው። ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡት እነዚያው ሴቶች ናቸው። እርግጥ ሲታጠብ ጨዋታው ደራ ነበር። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚዘረገፈው ያኔ ነው፤ ከእጥበት ሰዓት የቀረች ሴት ማን ከማን እንደተጣላ ሳታውቅ ትከርማለች። እኔም እስቃለሁ፣ ጨርቁንም እጨምቃለሁ። ዳገቱ ላይ ግን ማንም አይጫወትም። ያንን ዳገት ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ፤ አተላው አይደለም።

ካሳሁን የመጣበትን ሥራ ሲጨርስ አልሄደም። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ለአባቴ ልጁ ልጅዎን የወደዳት እጇ የረጋ ስለሆነ ነው ሲሉት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤታችን የተሰበረውን ብርጭቆ ሁሉ የምታውቀው እናቴ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ሠርጋችን አማረ። ጠላው የማኅበሩ ነበር፣ ጥርት ያለ፣ ጨርቁ መሐል ላይ ታጥቦ የተጠለለ። ሰው ሁሉ ሲያመሰግን እኔ በቬሎዬ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። ደስታዬ የውሸት አልነበረም፣ እሱን አልክድም። ካሳሁንን እወደዋለሁ። የወደደልኝ እጅ ግን የኔ እጅ አይደለም።

በዓመቱ ክረምት እትዬ የሺ ዳገቱ ላይ ወደቁ። ጀሪካን በትከሻቸው ነበር፤ ጭቃው አንሸራተታቸው። ጉልበታቸው ዳነ ተባለ እንጂ ደረጃ አይወድም። እርስዎ ላሊበላን የሚያውቁ ከሆነ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። የኛ ቤተ ክርስቲያኖች ዘንድ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወደ ታች ይወረዳል፤ ደረጃውም ሰው ለሰው ሲል የፈለፈለው አይመስልም። ከዚያ ወዲህ እትዬ የሺ ለልደት ከላይ ቆመው ነው የሚሰሙት። ከላይም ይሰማል፣ ምን ይጎዳል ይላሉ። እኔ ስሰማቸው አንገቴን እደፋለሁ።

ንስሐ የገባሁት ያኔ ነው። ለንስሐ አባቴ ግፊት፣ አተላ፣ መስመር እያልኩ እንዴት ላስረዳ? አባቴ፣ በገና ዋዜማ ቸኩዬ ጠላውን አለ ልኩ ተጫንኩት አልኳቸው። ቅንድባቸው ተነሳ። «ቀምሰሻል?» አሉኝ። መጥራቱን ለማየት ጣቴን ነክሬ ልሼ ነበርና፣ አዎን፣ ትንሽ አልኳቸው። «በገና ገሃድ? በጠራራ ፀሐይ?» አሉና ራሳቸውን ያዙ። ጾም በመግደፌ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ሰገድኩ። ላልመጣሁበት ኃጢአት ከነትርፉ ከፈልኩ፤ ዋናው ግን እንዳለ ተሸክሜው ወደ ቤቴ ገባሁ። ተመልሼ፣ አባቴ፣ እሱ አይደለም ልላቸው ፈራሁ። እውነቱን ልናገር? አልፈራሁም፤ ተመቸኝ።

ባለፈው የገና ጾም ማኅበሩ ትልቅ ማጥለያ ሊያሠራ ተነሳ። ሥራው ሰፍቷል፣ እሰይ ነው። ንድፉን የሠራው ካሳሁን ነው። የጠላ ቤቱ ወለል ላይ ሴቶቹን ሰብስቦ አስረዳቸው፤ በርሜሉ ይህን ያህል፣ ጨርቁ ይህን ያህል፣ ግማሹ ላይ ለሚሆነው እጥበት የሚበቃ ውሃ ደግሞ ከአሁኑ እጥፍ።  ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ማን ተራ እንደሚይዝ እየተያዩ ነው። ያን ጊዜ እትዬ የሺ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ተነሱና እንዲህ አሉ፦

«ሰው ካነሰ እኔም እወርዳለሁ። ቀስ እያልኩ አመጣለሁ።»

ሊወርዱ ነው። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ዳገት፣ እኔ ለፈጠርኩት እጥበት ውሃ ሊቀዱ ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ምን እባላለሁ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው እውነት ግን ራሱን አያጠልልም፣ ካላወጣሁት እዚያው አተላ ሆኖ ይቀራል።

ለካሳሁን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ላይ ነገርኩት። ሽሮውን እያየሁ ነገርኩት፤ የመጀመሪያውንም፣ ሁለተኛውንም፣ አልነካሁም ያልኩትንም። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ይጮሃል አልኩ። ይነሳል አልኩ። ያላሰብኩትን ጠየቀኝ።

«ምን ያህል አዞርሽው?»

አንድ እጥፍ ያህል አልኩት። ጣሪያውን እያየ አሰላ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ግፊት ሲጨመርበት የሚታፈን አተላ ነው ለካ፣ እኔ ደግሞ ራሱን ያሽጋል እያልኩ ለስንቱ ሰው አስተማርኩ እያለ ሳቀ። እኔም ቀለል አለኝና አብሬው ሳቅኩ። ድንገት አቆመ። «ውሃውስ?» አለኝ።  ተነስቶ ወጣ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም። ሲመለስ እጄን ይዞ ገለባብጦ አየውና ለቀቀው። ያችን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ማግስቱን ለሴቶቹ እኔው ራሴ ተናገርኩ። ካሳሁን እኔ ልንገርልሽ አላለኝም፤ ቢለኝም አልፈቅድም ነበር። ቆሜ፣ መዘውሩን በእጄ ይዤ፣ አዲሱን ቀሚሴን ላሳይ ብዬ ያዞርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ጉምጉምታ ሆነ። አንዷ፣ ለቀሚስ ብለሽ ነው? አለችኝ። ለቀሚስ ብዬ ነው አልኳት። ቀሚሱ ምን ዓይነት ነበር? አለች ሌላዋ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ የሺ አልሳቁም። ተነስተው የግፊት መለኪያው ፊት የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ። እኔን ከባልዲው በስተኋላ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ እጅሽን ከታፋሽ ሥር አድርጊ፣ ተቀመጭበት አሉኝ። ተቀመጥኩበት። ፓምፑ ተነሳ። እትዬ የሺ መርፌዋን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቋት። ካሳሁን ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስቀመጠ። መሐሉ ደረሰ፤ መሐሉ አለፈ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ እስከ መጨረሻው ሄደ።

እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ። ጨርቁ መታጠብ ያለበት መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው። ካሳሁን ንድፉ ላይ ያለውን የውሃ በርሜል በእርሳስ ሰረዘው። ሴቶቹ ከፊሎቹ ዳግመኛ ሳቁ፣ ከፊሎቹ ትከሻቸውን አሹ፣ አንዷ ታዲያ ወሬውን መቼ ልናወራ ነው ብላ አዘነች። ዛሬም ጉሽ ስንሞላ አንዷ ተነስታ «ትርንጎን ከመዘውሩ አርቋት» ትላለች። ይበሉኝ። ደግ አደረጉ።

እርስዎ ምናልባት ታዲያ ሁሉም በሳቅ አለፈ፣ ምን ቀረሽ ይሉኝ ይሆናል። እንዳይሉኝ። እነሱ የሚስቁት የነሱ ልብ ሰፊ ስለሆነ ነው እንጂ የኔ ጥፋት ስለጠበበ አይደለም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ቸኩዬ ነበር አልልም፤ ሁለተኛው ቀን አልቸኮልኩም። ያንን ሁሉ ዓመት በየሳምንቱ አፌን ከፍቼ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

በዚህ ዓመት ልደት ማለዳ ወደ እትዬ የሺ ቤት ሄጄ ወደ ታች ላውርድዎ አልኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉ። ከቤተ ማርያም ደረጃ አፍ ስንደርስ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። ሰው እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ እኛ አንድ እግር እናወርዳለን፣ እንቆማለን፣ ሌላውን እናወርዳለን። ካህናቱ ግንቡ ላይ ዙሪያውን ቆመው፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው የልደቱን መዝሙር «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ይቀባበላሉ፤ ከበሮው ከእግሬ ሥር ይሰማኛል። ከታች ስንደርስ እትዬ የሺ ግድግዳውን ተሳለሙ፣ ግንባራቸውን አስደግፈው ቆዩ፣ ከዚያ የሰፈር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እልልታቸውን ለቀቁት። ደስታዬ ደረቴ ውስጥ አልበቃ አለኝ። እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ወደ ደረጃው ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ቆይ፣ ልጄ» አሉኝ። «ገና መውጣቱ አለ።»